ደራራ ሁሪሳና የቪየናው ጫማ፦ ጥፋቱ የማን ነው?

የቦቆጂ ልጅ፦ ትናንት እዚሁ ግሩፕ ላይ አንዱ «የማራቶን ሯጫችን ደራራ ሁሪሳ ቪየና ላይ ድሉ የተሰረዘው በራሱ ጥፋት ነው፤ ኃላፊነቱ የአትሌቱ ነው» ብሎ ጽፎ ሄደ። ማለፍ አልቻልኩም። ልጁ 42 ኪሎ ሜትር ሮጦ በ2:09:22 አንደኛ ገባ። ከዚያ በኋላ ነው «የጫማህ ሶል ውፍረት 5 ሴንቲ ሜትር ነው፣ የሚፈቀደው 4 ነው» የተባለው። መነሻው ላይ ዳኞቹ የት ነበሩ?

አስኮ፦ የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ አሁንም እደግመዋለሁ። የ4 ሴንቲ ሜትሩ ደንብ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2020 መጀመሪያ ነው፣ የቪየናው ማራቶን የተሮጠው መስከረም 2021። ከዓመት ተኩል በላይ ጊዜ ነበር። አዘጋጆቹ እንዳሉት ደግሞ ያስመዘገበው ሌላ ጫማ ነው። ታዲያ ዳኛው ምን ያድርግ?

የቦቆጂ ልጅ፦ እግሩን ይመልከታ! ወረቀቱ ላይ የሰፈረውን እግሩ ላይ ካለው ጋር ማመሳከር የማን ሥራ ነው? በትልልቅ የትራክ ውድድሮች ኮል ሩም፣ ማለትም ሯጮች ከውድድር በፊት የሚፈተሹበት ክፍል ውስጥ፣ ስፓይክህ (ባለ ሹል ጥርስ የመሮጫ ጫማህ)፣ ማልያህ፣ ቁጥርህ ሳይታይ ወደ ሜዳ አትገባም። ጎዳና ላይ ከፊት የሚሰለፉት ጥቂት ሰዎች ናቸው፣ እነሱን ማየት ስንት ደቂቃ ይፈጃል?

ሯጭ ነበርኩ፦ «ኃላፊነቱ የአትሌቱ ነው» ለማለት ቀላል ነው፣ ወንድሜ። ጫማው የተመዘገበበትን ቅጽ ማን ሞላው? እኔ በሮጥኩበት ዘመን ደንቡ በሚነገርበት የቅድመ ውድድር ቴክኒክ ስብሰባ ላይ የሚቀመጠው ማናጀሩ ነበር፣ እኛ ሆቴል እናርፋለን። ከሽልማታችን ድርሻውን የሚቆርጥ ሰው አንድ ጫማ ማየት ካቃተው ሥራው ምንድን ነው?

አስኮ፦ እህቴ፣ ማናጀሩ ስላላየ ደንቡ ይሰረዝ? ኬንያዊውን ሊዮናርድ ላንጋትን አስቡት። ደራራን ተከትሎ በ2:09:25 ነው የገባው፣ ልዩነቱ 3 ሰከንድ ብቻ። ያ ተጨማሪ ፎም (የሶሉ ስፖንጅ) 3 ሰከንድ አያተርፍም ብላችሁ ማሉልኝ።

የቦቆጂ ልጅ፦ ላንጋት ድሉን ይነጠቅ ያለ የለም። ጠዋት ላይ ቢታይ ኖሮ ደራራ ጫማ ቀይሮ ይሮጥ ነበር፣ ያሸነፈውም ሪባኑን ራሱ በጥሶ ይገባ ነበር። ልጁ እኮ እ.ኤ.አ. በ2020 የሙምባይ ማራቶንን ያሸነፈው ጫማው መንገድ ላይ ጠፍቶበት፣ ከአገሩ ልጅ በተዋሰው ጫማ ነው። ያውም በ2:08:09፣ የቦታውን ሪከርድ ሰብሮ! ይህን ሰው ነው አጭበርባሪ የምትሉት?

አስኮ፦ አጭበርባሪ የሚል ቃል ከእኔ አልወጣም። ኃላፊነት ነው ያልኩት።

የዳኑብ ዳር፦ እኔ ቪየና ነው የምኖረው። ኬንያዊው ኪፕቾጌ እዚሁ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2019 ገበያ ላይ ባልወጣ ጫማ የማራቶንን ርቀት በ1:59:40 ሲሮጥ ዓለም በሙሉ ጨፈረ። የእኛ ልጅ ሲሆን ማስመሪያ ይወጣል።

አስኮ፦ አታምታታ። የኪፕቾጌው ውድድር አልነበረም፣ ሪከርድ ሆኖም አልተመዘገበም። ደንቡም የወጣው ከዚያ በኋላ ነው።

የዳኑብ ዳር፦ ደንቡ የወጣው በእነዚያ ጫማዎች ምክንያት መሆኑን ግን ታውቃለህ። ኩባንያዎቹ ሲሽቀዳደሙ ዋጋውን የሚከፍለው ሯጩ ነው።

ሯጭ ነበርኩ፦ እሱስ እውነት ነው። ደራራ ያደረገው አዲዳስ ሱቅ ውስጥ የሚሸጥ ጫማ ነበር። ትዕግስት አሰፋም እ.ኤ.አ. በ2023 በርሊን ማራቶን ላይ 2:11:53 የሮጠችው በዚያው ኩባንያ ጫማ ነው፣ የእሷ የተፈቀደ ነበር። የእሱ ለልምምድ፣ የእሷ ለውድድር። ልዩነቱን ለአትሌቱ በሚገባው ቋንቋ ቁጭ ብሎ የሚያስረዳ ያስፈልጋል።

ሸገር 42፦ አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ነው ያሸነፈው። ጫማ ጫማ አትበሉ!

አስኮ፦ ቶኪዮ ላይ ግን ጫማ አድርጎ ነው ያሸነፈው። አበበን ለዚህ አታንሳው።

ሸገር 42፦ አበበን ማንሳት በአንተ ፈቃድ ነው እንዴ?

የቦቆጂ ልጅ፦ ተዉት አበበን። አስኮ፣ ጥያቄዬን አልመለስክም። ከመነሻው በፊት ጫማ ማየት ስንት ደቂቃ ይፈጃል?

አስኮ፦ ዳኛ አየም አላየም ደንብ ደንብ ነው።

የቦቆጂ ልጅ፦ አሁንም አልመለስክም።