ከአሜሪካ ተቃጥሎ የሚመጣ አስከሬን፦ ሳጥኑ ውስጥ ያለው በትክክል ምንድን ነው?

የሽምብጥ ልጅ

ሰላም ለዚህ ቤት። ባሕር ዳር ላለ ቤተሰብ ከአሜሪካ የዘመድ አስከሬን ተቃጥሎ በሳጥን ሊመጣ ነው። ሟቹ ረጅም፣ ከ80 ኪሎ በላይ የሚመዝን ሰው ነበር፤ የሚመጣው ግን 2.9 ኪሎ ነው ተብሏል። ሽማግሌዎቹ «ይሄማ የሬሳ ሣጥኑ አመድ ነው፣ ሰውየው የት ገባ?» ብለው ተቀምጠዋል።

የሚያውቅ ካለ ይርዳን። ውስጡ ያለው አጥንት ነው ወይስ የእንጨት ቅሪት? ለምን እንዲህ አነሰ? የእሱ ስለመሆኑ በምን ይታወቃል፣ ዲኤንኤ ማስመርመር ይቻላል? በአውሮፕላን ሲመጣስ ምን ያስፈልጋል? ደግሞ ዳሌው ላይ በቀዶ ጥገና የገባ ብረት ነበረው፤ እሱም አብሮ ይመጣል? ከቤተሰቡ ግማሹ በቤተክርስቲያን ይቀበር ይላል፣ ግማሹ «ጣና ላይ በትኑኝ ብሎ ነበር» ይላል።

እሳትና ሸክላ

ነፍስ ይማር። ነገሩ ሽማግሌዎቹ ከጠረጠሩት ተገላቢጦሽ ነው፤ በጭስ ማውጫው የሄደው እንጨቱ ነው፣ የቀረው አጥንቱ ነው።

ከሰው ክብደት ከግማሽ በላይ ውሃ ነው። እቶኑ እንደየአሠራሩ ከ760 እስከ 1000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይሠራል። መጀመሪያ ውሃው በእንፋሎት ይወጣል፤ ከዚያ ቆዳ፣ ጡንቻና የውስጥ አካል ይነዳሉ። ስብ ራሱ ነዳጅ ነው፤ አንዴ ከተያያዘ ማቃጠያውን ዝቅ ያደርጉታል። ሥጋ የነበረው ሁሉ በአብዛኛው ካርቦን ዳይኦክሳይድና የውሃ ተን ሆኖ ይሄዳል። አጥንትም ቢሆን ሙሉ በሙሉ ማዕድን አይደለም። ሲሶ ያህሉ ኮላጅን የሚባል ፕሮቲን ነው፤ እሱም ይቃጠላል። የማይቃጠለው ማዕድኑ ብቻ ነው፤ ሳጥኑ ውስጥ ያለው እሱ ነው። ስትመረምረው ግማሽ ያህሉ ፎስፌት፣ ሩቡ ካልሲየም፣ የቀረው ሰልፌት፣ ፖታሲየም፣ ሶዲየምና ጥቃቅን ነገሮች ናቸው።

እንጨት ሲቃጠል የሚተወው አመድ ብዙ ጊዜ ከክብደቱ 1 በመቶ አይሞላም። ብዙ ጊዜ የሚጠቀሙት ደግሞ ወፍራም ካርቶን ወይም ስስ የእንጨት ሣጥን ነው። ከሱ የሚቀረው ጥቂት ሲሆን አብዛኛውን የእቶኑ አየር ይዞት ይወጣል።

ክብደቱን በተመለከተ፣ በግምት የሰውነትን ክብደት 3.5 በመቶ ውሰዱ። ለ80 ኪሎ ሰው 2.8 ኪሎ ይመጣል፤ ስለዚህ 2.9 ለረጅም ወንድ የሚጠበቅ ቁጥር ነው። ብዙ አዋቂዎች ከ1.8 እስከ 3 ኪሎ ባለው ውስጥ ይወድቃሉ። ወሳኙ የአጥንቱ መጠን እንጂ ውፍረት አይደለም፤ 120 ኪሎ የሚመዝን አጭር ሰው 75 ኪሎ ከሚመዝን ረጅም ሰው ያነሰ ሊተው ይችላል፣ ምክንያቱም ስብ ምንም አይተውም። በእርጅና አጥንታቸው የሳሳ እናቶች ከሁሉም ያንሳሉ። የአራስ ሕፃን አጥንት ገና ስላልጠነከረ የሚገኘው እፍኝ የማይሞላ ይሆናል፤ ይህን ሠራተኞቹ ቀድመው ለወላጅ ሊነግሩ ይገባል።

አሁን ደግሞ ሥራው እንዴት እንደሚሄድ። ከሁሉ በፊት ፔስሜከር (የልብ ምት መቆጣጠሪያ መሣሪያ) ካለ በቀዶ ይወጣል። የሊቲየም ባትሪው በእቶን ውስጥ ይፈነዳል፤ ጡቡን ይሰነጥቃል፣ ሠራተኛም ይጎዳል። አንድ እቶን በአንድ ጊዜ አንድ አስከሬን ብቻ ይገባበታል። ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሦስት ሰዓት ይወስዳል። ከላይ ወይም ከኋላ ሁለተኛ የእሳት ክፍል አለ፤ ጭሱ እዚያ ዳግመኛ ይቃጠላል፣ ለዚህ ነው በደንብ በሚሠራ ቦታ ጥቁር ጭስ የማይታየው። በጣም ወፍራም የሆነን ሰው ጠዋት እቶኑ ገና ሳይግል ያስገባሉ፤ በጋለ እቶን ከገባ ስቡ በአንዴ ይነድና ሁለተኛው ክፍል ከሚችለው በላይ ጭስ ይሆናል።

እሳቱ ሲያበቃ ዱቄት አታገኝም። የራስ ቅል ስባሪ፣ የጭን አጥንት ራስ፣ የአከርካሪ ቁራጭ ለይተህ ታያለህ። ቀዝቅዞ በረጅም መጥረጊያ ይሰበሰባል፣ ብረቱ በማግኔትና በእጅ ይለቀማል፣ ከዚያ በመፍጫ ይደቃል። የሻካራ አሸዋ መልክ የሚይዘው ከመፍጫው በኋላ ነው። ጃፓኖች አይፈጩትም፤ ቤተሰቡ በረጃጅም እንጨቶች አጥንቱን ከእግር ጀምሮ ወደ ራስ እየለቀመ ዕቃው ውስጥ ይከተዋል፣ ሟቹ ተገልብጦ እንዳይገባ።

የምታዩት ቀለም ነጭ ወይም ፈካ ያለ ግራጫ መሆን አለበት። ጥቁር ቁራጭ ካለ ኮላጅኑ ከሰል ሆኖ ቀርቷል ማለት ነው፤ ሙቀቱ አንሷል ወይም አየር አጥሯል፤ ነውር ያለው ሥራ ነው እንጂ ሌላ ሰው ነው ማለት አይደለም። እዚህም እዚያም አረንጓዴ ወይም ቢጫ ነጠብጣብ ከታየ ከብረታ ብረት የመጣ ነው፣ ለምሳሌ ከቁልፍ ወይም ከዚፕ መዳብ።

የዳሌው ብረት አይመጣም። ቲታኒየምም ኮባልት ክሮምም በዚያ ሙቀት አይቀልጡም፤ ሳይበላሹ ይወጣሉ፣ ተለይተው ለብረት ማቅለጫ ይሄዳሉ። ቤተሰብ አስቀድሞ ከጠየቀ ግን የሚሰጡ አሉ፤ ጠይቁ፣ ለምን እንደሚጠቅማችሁ ከታች ያለው ይነግራችኋል ብዬ እገምታለሁ።

ፔዳ ላብ

እነግራለሁ። መጀመሪያ ስለ ዲኤንኤ፦ ገንዘባችሁን አታውጡ። ዲኤንኤ የሚቀመጠው በአጥንቱ ሕያው ክፍል ውስጥ ነው፣ እሱ ደግሞ ተቃጥሏል። ነጭ እስኪሆን ከተቃጠለ በኋላ ከተፈጨ አጥንት የሚያስተማምን ውጤት አይገኝም። «እናወጣለን» የሚል ላብራቶሪ ከገጠማችሁ ከየትኛው ቁራጭ እንደሚያወጣ ጠይቁት።

ማንነቱ የሚረጋገጠው በሰንሰለቱ ነው፤ ማለትም ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ አብሮት በሚሄደው ቁጥርና ወረቀት። አሜሪካ ውስጥ አስከሬኑ ከመግባቱ በፊት ቁጥር የተቀረጸበት ከዝገት ነፃ የሆነ ትንሽ ክብ ብረት አብሮት ይገባል፤ እሳቱን ይችላል፣ ከአጥንቱ ጋር ይወጣል፣ በመጨረሻም ከረጢቱ ላይ ወይም ውስጡ ይቀመጣል። ጀርመን ውስጥ የሚያስገቡት ቁጥር ያለው የሸክላ ድንጋይ ነው። ሳጥኑ ሲከፈት የመጀመሪያ ሥራችሁ ብረቱ ላይ ያለውን ቁጥር ከማቃጠያ የምስክር ወረቀቱ ቁጥር ጋር ማስተያየት ነው። ሁለቱ ከተስማሙ አበቃ። ብረቱ ከሌለ ወዲያውኑ ፎቶ አንስታችሁ ለድርጅቱ በጽሑፍ ጠይቁ።

የዳሌው ብረት እዚህ ላይ ይገባል፤ በቀዶ ጥገና የሚገቡ መገጣጠሚያዎች የምርት ቁጥር ይቀረጽባቸዋል፣ የሆስፒታሉ ማኅደርም ይመዘግበዋል። ሰንሰለቱ የተበጠሰ ከመሰላችሁ ከዲኤንኤ ይልቅ ይሄ ያግዛል።

ሽማግሌዎቹ መጠርጠራቸው ዝም ብሎ አይደለም፤ በ2002 እ.ኤ.አ. በጆርጂያ ግዛት ከአንድ ማቃጠያ ቅጥር ግቢ 334 ያልተቃጠሉ አስከሬኖች ተገኝተዋል፣ ለአንዳንድ ቤተሰቦች የተሰጣቸውም የሲሚንቶ ብናኝ ነበር። ሲሚንቶን መለየት ከባድ አይደለም፦ በውሃ ርሶ ያድርና ይጠነክራል፣ የአጥንት ማዕድን አይጠነክርም። በማጉያ መነጽር ስታዩት ደግሞ የአጥንት ቅንጣት የተቦረቦረ ውስጥ አለው።

አንድ ነገር ግን ሳልደብቅ ልናገር። ፍጹም የእሱ ብቻ ነው የሚባል የለም። እቶኑ የቱንም ያህል ቢጠረግ በጡቡ ስንጥቅ ውስጥ የቀደመው ሰው ጥቂት ቅንጣት ይቀራል፣ ከጡቡም የተፈረፈረ ይገባል። ይህ በወረቀታቸው ላይ ተጽፎ ያስፈርማሉ።

አባይ ማዶ

ስለ ጉዞው አጭር መልስ። ዕቃው በኤክስሬይ የሚታይ መሆን አለበት፤ ፕላስቲክ፣ ካርቶን ወይም እንጨት ይሁን። ወፍራም ብረት፣ ድንጋይ ወይም ሸክላ ከሆነ ውስጡ አይታይም፣ የአሜሪካ ፈታሾች ደግሞ ለሟች ክብር ሲሉ ተሳፋሪው ራሱ ቢለምናቸውም አይከፍቱትም፤ ስለዚህ አያልፍም። ጌጠኛውን ዕቃ እዚህ ግዙ። የሞት ምስክር ወረቀት፣ የማቃጠያ ምስክር ወረቀትና ኤምባሲው የሚጠይቀውን ማረጋገጫ ኦሪጅናሉን በእጅ ይያዝ፣ ቅጂው በሻንጣ ይሁን። አየር መንገዱን ቲኬት ከመቁረጥ በፊት ጠይቁ፣ በእጅ ሻንጣ መያዝ ይሻላል። ከቦሌ ወደ ባሕር ዳር ስትሳፈሩ ዳግም ፍተሻ ስላለ ቦሌ ላይ እሽጉን አትፍቱ።

ዲያቆን ከቆራጣ

የቤተክርስቲያናችን ሥርዓት መቅበር ነው፤ ማቃጠልን አናስተምርም። ግን ሰውየው ፈቅዶ ይሁን ሌሎች ወስነውበት ሳይታወቅ «ተቃጥሏልና አይነካም» የሚል ቃል ከማንም አፍ ባይወጣ መልካም ነው። ጥር 18 ቀን የምናከብረው ዝርወተ ዐፅሙ ለቅዱስ ጊዮርጊስ ምንድን ነው? አቃጥለው ፈጭተው በደብረ ይድራስ የበተኑት ሰማዕት ነው። እሳት ከትንሣኤ የሚያስቀር ቢሆን ያ በዓል ባልኖረ ነበር። በሌላ በኩል በጣናው ደሴት ገዳም በዳጋ እስጢፋኖስ የነገሥታቱ አፅም ተጠብቆ እስከ ዛሬ አለ፤ አፅምን ማክበር የጣና አገር ልማድ ነው ለማለት ነው።

በተግባር፣ የሟቹን ወይም የቤተሰቡን የንስሐ አባት ሳጥኑ ከመድረሱ በፊት አነጋግሩ፤ ስለ ፍትሐቱ የሚወስኑት እሳቸውና አጥቢያው ናቸው። ሰበካ ጉባኤውና እድሩም ቀድመው ይወቁ፤ ድንኳን ተጥሎ ሰው ሬሳ ሲጠብቅ ትንሽ ሳጥን ሲወርድ የሚነሳውን ጉምጉምታ ታውቁታላችሁ። ጉድጓዱ እንደ ሌላው መቃብር ጠልቆ ይቆፈር፤ ሳጥኑ ትንሽ ነው ተብሎ ላይ ላዩን ከተቀበረ በሌላ ቀብር ጊዜ ይወጣል።

ጣና ጠበቃ

«ጣና ላይ ይበተን» ለሚሉት። እምቦጩን ታቀልባላችሁ የሚል ሰው እንደሚመጣ አውቃለሁ፣ ቀድሜ ልመልስ። 2.9 ኪሎ ውስጥ 450 ግራም ገደማ ፎስፈረስ፣ ማለትም አረሙን የሚያፋፋው ንጥረ ነገር፣ አለ። አንድ ኩንታል ዳፕ ማዳበሪያ 20 ኪሎ ፎስፈረስ አለው፤ ማለትም ሳጥኑ የሁለት ኪሎ ተኩል ዳፕ አይሞላም፣ ያውም ዳፕ ወዲያው ሲሟሟ ይሄ በጣና ዓይነት ውሃ ውስጥ ለመሟሟት ዓመታት ይፈልጋል። እምቦጭን የሚያበላው ከእርሻና ከከተማ በወንዝ የሚወርደው ነው።

ችግሩ ሌላ ነው። ከባዱ ቅንጣት ይሰምጣል፣ ደቃቁ ግን በነፋስ ተመልሶ በጀልባው ሰው ላይ ያርፋል። ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ስለሚናወጥ በጠዋት ውጡ፣ ነፋሱን ጀርባ ስጡት፣ ዕቃውን ወደ ውሃው አስጠግታችሁ ቀስ ብላችሁ አፍስሱ። ፕላስቲክ ከረጢቱን አትጣሉ፤ አየር ስለሚይዝ ይንሳፈፋል፣ ዓሣ አጥማጅ መረብ ውስጥም ይገባል። ከዳር አይደረግ፤ ሰው ውሃ ከሚቀዳበትና ከሚዋኝበት ራቁ። ገዳማት ከሚጠጡበት ደሴት አጠገብም ነውር ነው።

«በላዩ ዛፍ እንትከልበት» የሚልም አይጠፋም። ጨውና አልካላይን የበዛበት ስለሆነ በቀጥታ ሥሩ ላይ ከተደፋ ችግኙን ያደርቃል። ብዙ አፈርና ብስባሽ ይቀላቀልበት፣ ጥልቅ ይሁን፣ ችግኙም ትንሽ ራቅ ብሎ ይተከል።

የሽምብጥ ልጅ

እግዚአብሔር ይስጥልን። ሽማግሌዎቹ «ይከፈል፣ ግማሹ ይቀበር ግማሹ ወደ ጣና ይሂድ» ወደማለቱ ናቸው። ሲከፈት በሽታ አለው? እንዴትስ ይከፈላል?

እሳትና ሸክላ

በሽታ የለውም፤ በዚያ ሙቀት የሚተርፍ ጀርም የለም። ብናኙ ግን አልካላይን ስለሆነ ዓይንና ሳንባ ያቃጥላል፤ ማስክ አድርጉ።

መስኮትና በር ዘግታችሁ፣ ማራገቢያ አጥፍታችሁ ጠረጴዛ ላይ ንጹሕ ነጭ አቡጀዲ አንጥፉ። ማንኪያውም ዕቃውም ደረቅ ይሁን፤ እርጥበት ከነካው ይጣበቃል። መጠኑ ወደ 3 ሊትር ስለሚጠጋ ሁለተኛው ዕቃ ቢያንስ 2 ሊትር የሚይዝ ይሁን። ከከፍታ አታፍስሱ፣ በማንኪያ አስተላልፉ፤ አቡጀዲው ላይ የቀረውን አራግፋችሁ ከሚቀበረው ጋር ጨምሩ። ቁጥር ያለው ክብ ብረት ከሚቀበረው ጋር ይሂድ። ቁጥሩን ግን ከምስክር ወረቀቱ ጀርባ ጻፉት፣ የሁለቱንም ክፍል ክብደት አብራችሁ መዝግቡ፤ ነገ ከአሜሪካ የሚመጣ ልጅ «የቱ የት ነው?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም።