ሐዘን በውሰት ይዘፈናል ወይ?

ሹፌሩ፦ ትናንት እዚሁ አንዱ ስለ አሜሪካዊቷ የባላገር ዘፈን (ካንትሪ) ዘፋኝ «ጊሊያን ዌልች የምትሸጠው የተዋሰችውን ሐዘን ነው» ብሎ ጽፎ፣ አንድ ሰው እንኳ ሳይመልስለት አደረ። ሌሊቱን ቴነሲን በጭነት መኪና ሳቋርጥ እሷን ነበር የምሰማው። አናደደኝ።

ባለናሽቪል፦ ያልኩት እኔ ነኝ፤ አሁንም እላለሁ። ሎስ አንጀለስ ያደገች፣ አሳዳጊዎቿ ለቴሌቪዥን ሙዚቃ የሚደርሱ፣ ቦስተን በርክሊ ሙዚቃ ኮሌጅ የተማረች ልጅ፣ በ1996 በመጀመሪያ አልበሟ የአፓላቺያ ተራሮች ባላገር ሆና ብቅ አለች። ኧረ ተዉኝ!

ለምለም፦ አልቃሽ የሟች ዘመድ መሆን አለባት እንዴ? ስንቱ ለቅሶ ቤት ያለ ሙሾ ይቀር ነበር!

ባለናሽቪል፦ አልቃሿ «እናቴ ሞተች» አትልም፣ እህቴ። ይቺ ግን ትላለች።

ሹፌሩ፦ «ኦርፋን ገርል»ን ሰምተሃል? የሙት ልጅ ዘፈን ነው። እሷ ደግሞ በጨቅላነቷ በጉዲፈቻ የተሰጠች ናት። ይሄንንስ ከማን ተዋሰች?

ባለናሽቪል፦ እሺ፣ አንዷን ተውኩልህ። «ኬሌብ ማየር»ስ? ሊደፍራት የመጣውን ሰውዬ በጠርሙስ ስባሪ የገደለችውን ሴትም ሎስ አንጀለስ ነው ያየቻት?

የካዛንቺስ ልጅ፦ የካንትሪው ዘፋኝ ጆኒ ካሽ በ1968 ፎልሰም እስር ቤት ገብቶ «ሰው ገደልኩ» እያለ ሲዘፍን ሰው ገድሎ ነበር? ጣቢያ ከማደር ያለፈ እስር አያውቅም። ለእሱ ሲሆን ጥበብ፣ ለእሷ ሲሆን ውሰት!

ባለናሽቪል፦ ካሽ አርካንሶ ጥጥ እየለቀመ ያደገ ሰው ነው!

ለምለም፦ ጥጥ መልቀም መግደል ያስተምራል?

ጋሽ በቀለ፦ ልጆች፣ «የተዋሰች» ስትሉ ባለቤቱ ማነው? የካንትሪ መለያ የሆነው የክር መሣሪያ፣ የባንጆ ዘሩ በባርነት ከተጋዙት ምዕራብ አፍሪካውያን ነው። ከካንትሪ ቀደምት ዘፋኞች አንዱ ኤ. ፒ. ካርተር መንደር ለመንደር ዘፈን ሲለቅም አብሮት የዞረው ጥቁሩ ጊታር ተጫዋች ሌዝሊ ሪድል ነበር። ካርተር ግጥሙን ሲጽፍ፣ ሪድል ዜማውን በጆሮው ይዞ ይመለሳል። ስሙን ስንቶቻችሁ ታውቃላችሁ?

ባለናሽቪል፦ ጋሼ፣ ይሄማ ለእኔ መመስከር ነው። ባለቤት አለው እያሉኝ እኮ ነው።

የካዛንቺስ ልጅ፦ በ2025 ቢዮንሴ የካንትሪ ግራሚውን ስትወስድ ምን ብለህ እንደጻፍክ ላውጣው? ስክሪንሹት አለኝ።

ባለናሽቪል፦ ቢዮንሴን ምን አመጣት?

ለምለም፦ የካንትሪ አገር ቴክሳስ ተወልዳም ተዋሰች ብሎ ነበር፤ አስታውሳለሁ።

ባለናሽቪል፦ እንደዚያ አላልኩም! «ፖፕ ነው» ነው ያልኩት።

ሹፌሩ፦ ነዳጅ ልሞላ ቆሜያለሁ። «የተዋሰችው» ያልካትን ታነሳለህ አታነሳም?

ባለናሽቪል፦ አላነሳም። ደግሞ በዚያ መንገድ ሬዲዮው እሷን ሌሊቱን ሙሉ አያጫውትም፤ ስልክ እየነካካህ ነው የምትነዳው ማለት ነው።