በጎን ሲተኙ የጉልበት ሴንሰሩ ይስታል፣ እንዴት ላርመው?

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነኝ። ስትሮክ መቷቸው አንድ እግራቸው የደከመባቸው አባት አሉ፣ ቤታቸው እየሄድኩ ነው የማሠራቸው። ጉልበታቸው በየቀኑ ስንት ዲግሪ እንደሚታጠፍ ለመመዝገብ ሁለት ኤምፒዩ-6050 ሴንሰር (ጋይሮና አክስለሮሜትር የያዘ የእንቅስቃሴ መለኪያ) ገዝቼ ከአርዱዊኖ (ትንሽ ፕሮግራም የሚደረግ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ) ጋር አገናኘሁ። አንዱን ጭናቸው ላይ፣ ሌላውን ቅልጥማቸው ላይ በላስቲክ ቀበቶ አስራለሁ። የሁለቱ ልዩነት የጉልበቱን ማዕዘን ይሰጠኛል።

ወንበር ላይ ቁጭ ሲሉ ጥሩ ይሠራል። በጎኒዮሜትር (የመገጣጠሚያ ማዕዘን መለኪያ) ለክቼ ሳስተያየው ልዩነቱ ከ3 ዲግሪ አያልፍም። ችግሩ በጎናቸው ሲተኙ ነው። ጡንቻቸው ገና እግሩን ወደ ላይ ማንሳት ስለማይችል፣ ዋናውን ልምምድ የምንሠራው ደግሞ በጎን ተኝተው ነው። እዚያ ላይ እግራቸው ሳይንቀሳቀስ እንኳ ቁጥሩ ቀስ እያለ ይሄዳል። በ10 ደቂቃ 15 ዲግሪ ያህል ይስታል።

ጋይሮውን፣ ማለትም የመዞር ፍጥነትን የሚለካውን ክፍል፣ እንደገና ካሊብሬት አደረግኩ። የጋይሮውንና የአክስለሮሜትሩን ንባብ የሚያዋህደውን ማጣሪያ ቁጥር (የጋይሮውን ድርሻ) ከ0.98 ወደ 0.95 አወረድኩ። ቀበቶውንም ቀየርኩ። ምንም ለውጥ የለም። እንደገባኝ ከሆነ፣ በጎን ሲተኙ ጉልበቱ የሚታጠፍበት ዘንግ ከመሬት ስበት አቅጣጫ ጋር ይገጥማል። ስለዚህ ዝንባሌን ከስበት አንጻር የሚለካው አክስለሮሜትር ጋይሮውን ማረም አይችልም። ማግኔቶሜትር (አቅጣጫን በመሬት ማግኔት የሚለይ ሴንሰር) እንዳልጨምር አልጋቸው የብረት ስለሆነ ንባቡን ያዛባዋል።

እኚህ አባት 2 ዲግሪ እንኳ ሲያሻሽሉ ፊታቸው ይበራል። የተሳሳተ ቁጥር ላሳያቸው አልፈልግም።

ያለ ማግኔቶሜትር፣ በጎን ተኝተው ሲሠሩ ይህን መንሸራተት በምን መንገድ ላርመው?