«መም» ወይስ «ትራክ»? ማንም የማይለውን ቃል ማን አመጣብን?

የካዛንቺሷ፦
ትናንት ማታ ሬዲዮ ላይ አንድ የስፖርት ተንታኝ ስለ ስታዲየሙ የመሮጫ ዙር ሲያወራ «መም የሚል የራሳችን ቃል እያለ ትራክ ማለት የምላስ ስንፍና ነው» ሲል ሰማሁት። ይሄ አልበቃው ብሎ አንድ ልጅ ደውሎ «እኔ ትራክ ላይ ነው የምሠራው» ሲለው አቋርጦ አረመው። ልጁ እኮ ሯጭ ነው! ጠዋት ጠዋት የሚሮጥበትን ነገር ስም ስቱዲዮ ውስጥ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰውዬ ያስተምረዋል። ልጁም «እሺ፣ ይቅርታ» አለ። እኔን ነው ያናደደኝ። ለመሆኑ መም ማን ይላል? ማንም አይልም።

ተድላ ዘአዘዞ፦
«ማንም» ማለት ማን ነው? እኔ እላለሁ። ጋዜጣው ይላል። ቴሌቪዥኑ «የመም ውድድር» እና «የሜዳ ተግባራት» ብሎ ነው የሚከፍለው። አንቺ ስላልሰማሽ ቃሉ የለም ማለት አይደለም።

የካዛንቺሷ፦
እኔ ሰው ማለቴ ነው። ጋዜጣ ሌላ።

ተድላ ዘአዘዞ፦
ጋዜጠኛ ሰው አይደለም። በቃ፣ ተመዝግቧል።

ባቡር ሰፈር (ድሬ)፦
አቦ ቆይ! «የራሳችን ቃል» የምትሉትን ነገር አስረዱኝ። ባቡሩ የሚሄድበትን ምን እንላለን? ሐዲድ። ሐዲድ ዓረብኛ ነው፣ ብረት ማለት። ባቡር ራሱ የፈረንጅ እንፋሎት በዓረብ በኩል ዞሮ የመጣ ቃል ነው። መስመሩ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ ሐዲድ ያለውን ሰው ማንም ሰነፍ አላለውም። ዛሬ «ከሐዲዱ ወጣ» እያላችሁ ተረት ትተርቱበታላችሁ።

ተድላ ዘአዘዞ፦
ሐዲድ ከመቶ ዓመት በላይ እዚህ ኖሯል። ወልዷል፣ ተዋልዷል። ትራክ ገና ቪዛ እያደሰ ነው።

የካዛንቺሷ፦
ስንት ዓመት ሲኖር ነው ዜግነት የምትሰጠው? ቁጥሩን ንገረንና እኛም እንጠብቅ።

ጋሼ ሙሉጌታ፦
ልጆች፣ አትጣሉ። አማርኛ በዚህ ነገር ድሃ አይደለም። ዱካ አለ፣ ዳና አለ፣ ኮቴ አለ፣ ፈለግ አለ፣ ጥርጊያ አለ። ግዕዙን ከጨመርን ፍኖት አለ። ፈለግ በግዕዝ ወንዝ ነው፤ አማርኛው ግን «የአባቱን ፈለግ ተከተለ» ብሎ ለሰው አደረገው። ችግሩ ከእነዚህ አንዳቸውም ለስታዲየሙ አይሆኑም። ዱካም ዳናም አንድ ሰው ቀድሞ ሲያልፍ የሚቀር ነው። የስታዲየሙ ግን ማንም ሳይሮጥበትም አለ። 400 ሜትር ተጉዘህ የምትደርሰው ወደተነሳህበት ነው። ስለዚህ የተለየ ቃል ማስፈለጉ ትክክል ነው። ያ ቃል መም ይሁን ትራክ እኔ አልፈርድም።

ተድላ ዘአዘዞ፦
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልን። ግን እርስዎም «ማንም ሳይሮጥበት» አሉ። ይሄ «ማንም» ዛሬ ሥራ በዝቶበታል።

ቢኒ ከዱባይ፦
ጋሼ፣ እርስዎ የዘረዘሩት ሁሉ ቆንጆ ነው። እኔ ግን ለእናቴ ዕቃ ልኬ ስልኬ ላይ የት እንደደረሰ አያለሁ። «ትራክ እያደረግኩት ነው» እላታለሁ፣ ይገባታል። «ዱካውን እየተከተልኩ ነው» ብላትስ? ካርቶኑን ሌባ ወሰደው ብላ ስለት ትሳላለች።

የካዛንቺሷ፦
😂😂 ዳናውን አጥፍቶብኛል በላት።

ተድላ ዘአዘዞ፦
«የት እንደደረሰ እያየሁ ነው» ማለት ምን ይከብዳል? ራስህ አሁን እዚሁ ጻፍከው እኮ። ይሄ ነው ስንፍና የተባለው።

ቢኒ ከዱባይ፦
ወንድሜ፣ እኔ ቀን አሥራ ሁለት ሰዓት ሠርቼ ነው የምልከው። ሰነፍ የምትለውን ሰው ምረጥ።

ሯጩ (በቆጂ)፦
እኔ ሯጭ ነኝ። እኛ ትራክ ነው የምንለው። አሰልጣኛችንም ትራክ ነው የሚለው። ነገ ትራክ፣ ከነገ ወዲያ ኮሮኮንች፣ ከዚያ ጫካ፣ ከዚያ አስፋልት። ቡድናችን ውስጥ ኦሮምኛ ተናጋሪ አለ፣ አማርኛ አለ፣ ከትግራይ የመጡ አሉ። ትራክ ሲባል ሁላችንም ቱታችንን ለብሰን አንድ ቦታ እንገናኛለን። መም የሚባለውን የምንሰማው ስናሸንፍ ነው፣ ዜና ላይ።

ተድላ ዘአዘዞ፦
«ስናሸንፍ»! አሁን ገባኝ ቃሉ ለምን እንደጠፋ። እ.ኤ.አ. በ2025 ቶኪዮ ላይ በዓለም ሻምፒዮናው አንድ ወርቅ አላመጣችሁም። ታዲያ ሕዝቡ መምን ከየት ይስማ?

የካዛንቺሷ፦
አሁን ቃሉን ትተህ ልጁን ልትሰድብ ነው?

ሯጩ (በቆጂ)፦
ተይው፣ ለምጄዋለሁ። ወንድሜ፣ እኔ ቶኪዮ አልሄድኩም፤ ግን እነሱን ወክዬ ልመልስልህ። ቶኪዮ ላይ የወርቅ ሽልማቱ 70 ሺህ ዶላር ነበር። ቦስተን ማራቶን አንደኛ የወጣ 150 ሺህ ይወስዳል። 10 ሺህ ሜትር ደግሞ ከዳይመንድ ሊጉ፣ በየዓመቱ ከሚደረገው የትራክ ውድድር፣ መደበኛ ርቀቶች ውስጥ የለም። ወጣቱ በጊዜ ወደ ጎዳና ቢወጣ ምን ይገርማል? አንተ ስሙ መም ይሁን ትራክ ትላለህ። እኛ ላዩ ላይ ማን ይቀር ይሆን እያልን ነው።

ተድላ ዘአዘዞ፦
ኃይሌ ሲድኒ ኦሊምፒክ 10 ሺህ ሜትር ላይ ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን በ0.09 ሰከንድ ሲቀድመው ሒሳብ እየሠራ ነበር?

ሯጩ (በቆጂ)፦
ኃይሌም በኋላ ማራቶን ገብቷል። በርሊን ላይ ሁለት ጊዜ የዓለም ክብረ ወሰን ሰብሯል። እሱን ከዳተኛ በለውና ልይህ።

ባቡር ሰፈር (ድሬ)፦
አቦ በደንብ ነገርከው!

ሚሚ (ሲልቨር ስፕሪንግ)፦
ከርዕስ አትውጡ እባካችሁ፣ እኔ ቃሉ ያስፈልገኛል። እዚህ አሜሪካ ልጆቼ ትምህርት ቤት «ትራክ» ተመዝግበዋል። እዚህ ትራክ ሲባል ሜዳው ብቻ አይደለም፣ ስፖርቱም ቡድኑም ትራክ ነው። ልጄ ለአያቷ በስልክ «ትራክ ውስጥ ነኝ» ብትላት፣ እማማ «በጭነት መኪና ልጄን የት ወሰዷት?» ብላ ጮኸች። መም ብላትም አያቷ አታውቀውም። «ሩጫ ትሮጣለች» አልኳትና ተረጋጋች።

ጋሼ ሙሉጌታ፦
ሚሚ፣ «ሩጫ» ትክክለኛ አማርኛ ነው። አያቷ ከሁላችንም ትበልጣለች።

ተድላ ዘአዘዞ፦
ጋሼ እየሸሹ ነው።

የካዛንቺሷ፦
ተድላ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። አሁን ልጁ «ቱታ» ሲል ለምን አላረምከውም? ቱታ ጣልያንኛ ነው። አስፋልቱም የኛ አይደለም። በክፍለ ሀገር የጠጠር መንገዱን «ፒስታ» ይሉታል፣ ፒስታ ጣልያን አገር ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለህ? ትራክ! የጣልያኑን ትራክ ከተቀበልን የእንግሊዙ ላይ ምን አስቆጣህ?

ተድላ ዘአዘዞ፦
ጣልያንን ያባረርነው እኮ ነው። ቃሉ ምርኮ ነው።

ባቡር ሰፈር (ድሬ)፦
😂 ምርኮ! ይሄን ግን አልጠበቅኩትም።

የካዛንቺሷ፦
እሺ ምርኮ ይሁን። ምሩፅ ይፍጠርስ? ሞስኮ ላይ እ.ኤ.አ. በ1980 5 ሺህንም 10 ሺህንም ሲያሸንፍ የነበረው ቅጽል ስም ምን ነበር? «ማርሽ ቀያሪው»። ማርሽ የማን ቃል ነው? ያንን ስም አርመህ አሳየኝ። የተንታኝህን አማርኛ ተጠቅመህ ምሩፅን እንደገና ሰይመው።

ተድላ ዘአዘዞ፦
ማርሹን ተዪው። እሱ ስም ሆኗል።

የካዛንቺሷ፦
ስም ሲሆን ስንፍናው ይቀራል?

ተድላ ዘአዘዞ፦
እኔ ውሰጂ ያልኩሽ አንድ ቃል ነው። «አገር አቋራጭ» ተባለ፣ ለመደ። «ዱላ ቅብብል» ተባለ፣ ለመደ። «አየር መንገድ» ሲባል መጀመሪያ አየር ላይ ምን መንገድ አለ ብለው የሳቁ አይጠፉም፤ ዛሬ ሌላ ስም ማሰብ አትችዪም። መምም ዕድል ይሰጠው ነው የምለው። «ማንም አይልም» እየተባለ እንዴት ይለመዳል?

ቢኒ ከዱባይ፦
ይሄኛው እውነት አለው። ግን ሰውዬው ዕድል ይሰጠው መቼ አለ? ሰነፎች ነው ያለን።

ተድላ ዘአዘዞ፦
አነጋገሩን እኔም አልወደድኩትም። ቃሉ ግን ምን አጠፋ?

ሚሚ (ሲልቨር ስፕሪንግ)፦
የለተሰንበት ግደይን የ10 ሺህ ሜትር ክብረ ወሰን፣ 29:01.03፣ አስታወሳችሁ? ለቶኪዮ ኦሊምፒክ የኛ ማጣሪያ ሆላንድ፣ ሄንግሎ ላይ ነው የተደረገው። ለሆላንድ የምትሮጠው ሲፋን ሐሰን እዚያው ከተማ ክብረ ወሰኑን ከሰበረች ገና ሁለት ቀኗ ነበር። ያን ቀን ለተሰንበት የሮጠችው በመም ነው በትራክ?

ባቡር ሰፈር (ድሬ)፦
በሆላንድኛ «ባን» ነው። ለማንኛችሁም አይሆንም።

ተድላ ዘአዘዞ፦
ማጣሪያችንን ሰው አገር ማድረጋችን አያሳፍርም? ከቃሉ በፊት ይሄን ተናገሩ።

ሯጩ (በቆጂ)፦
አንተ ነህ ከቃሉ የጀመርከው። ሄንግሎ የተሄደው ሚኒማ፣ ለመመረጥ የሚጠየቀውን ሰዓት፣ ለማሟላት ነው። አዲስ አበባ ከፍታዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፣ በረጅም ርቀት ሰዓቱ አይወርድም። ይሄን የማያውቅ ሰው ስለ መም ባያወራ ጥሩ ነው።

ተድላ ዘአዘዞ፦
«ሚኒማ»! ይሄኛውስ የማን ነው?

ሯጩ (በቆጂ)፦
የማንም ይሁን። ሰዓቱን ካላሟላሁ በአማርኛ ብትጠራው አልመረጥም።

የካዛንቺሷ፦
«ማንም» ተመለሰ 😂

ተድላ ዘአዘዞ፦
ለሚኒማም ቃል አለኝ፣ ነገ እለጥፋለሁ።

ጋሼ ሙሉጌታ፦
ስትለጥፍ ምሩፅንም አትርሳው።