«ሁሉም ለበጎ ነው» የምትለው እናቴና የቮልቴር «ካንዲድ»

የፒያሳ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሰሞኑን አራት ኪሎ አብርሆት ቁጭ እያልኩ የፈረንሳዊውን ደራሲ የቮልቴርን «ካንዲድ» ጨረስኩ። ወደድኩት፤ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። የዋናው ገጸ ባሕርይ የካንዲድ አስተማሪ ፓንግሎስ የመጣው መከራ ቢመጣ «ከዚህ የተሻለ ዓለም ሊኖር አይችልም» ይላል። እናቴ ደግሞ አባቴን ከቀበርን ጀምሮ «ሁሉም ለበጎ ነው» ሳትል አትውልም። ቮልቴር የሚስቀው በእሷ ነው? መጨረሻ ላይ «አትክልታችንን እንኮትኩት» ማለቱስ አርፋችሁ ኑሯችሁን ኑሩ ነው?

መጽሐፍ ሻጩ፣ ለገሃር፦
እህቴ፣ ነፍስ ይማር። በእናትሽ አይደለም የሚስቀው።

ካንዲድና ፓንግሎስ ፖርቱጋል፣ ሊዝቦን ወደብ የደረሱበትን ምዕራፍ መለስ ብለሽ እዪው። ዣክ የሚባለው ደግ ሰው ፓንግሎስን ከክፉ በሽታ ያሳከመው ነው። መርከበኛ ሲያድን ራሱ ባሕር ውስጥ ይወድቃል። ካንዲድ ተከትሎት ሊዘል ሲል ፓንግሎስ ይከለክለዋል። ለምን መሰለሽ? የሊዝቦን ወደብ የተፈጠረው ሆን ተብሎ ዣክ እንዲሰጥምበት መሆኑን ሊያስረዳው! እያስረዳ ሳለ መርከቧ ተሰነጠቀች።

ከዚያ የመሬት መንቀጥቀጡ መጣ። ካንዲድ ድንጋይ መትቶት ፍርስራሽ ውስጥ ወድቋል። «ሞትኩ፣ ትንሽ ወይንና ዘይት አምጣልኝ» ይላል። ፓንግሎስ ግን ስለ ድኝ ይተነትናል፤ አምና አሜሪካ ያለችው ሊማም ተናውጣ ነበር፣ ከዚያ እስከ ሊዝቦን ከመሬት በታች የድኝ መስመር መኖር አለበት እያለ። ውሃ ያመጣለት ካንዲድ ራሱን ከሳተ በኋላ ነው። ይህን ገጽ ባነበብኩ ቁጥር ያመኛል። ለቅሶ ቤት እንዲህ ያለ ሰው አይቻለሁ፤ ልጇን ላጣች እናት ምክንያቱን ሲተነትንላት።

እናትሽ የምትለው ለራሷ ነው፤ ለመጽናት። ሊረዳ የተነሳ ሰው አላስቆመችም። ፓንግሎስ ያስቆማል። ልዩነቱ ይሄ ነው።

መንቀጥቀጡ ደግሞ ልብ ወለድ እንዳይመስልሽ። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 1 ቀን 1755፣ በቅዱሳን ሁሉ በዓል፣ ብዙ ሰው ቅዳሴ ላይ እያለ የደረሰ ነው። መጽሐፉ በ1759 ወጣ።

የስድስት ኪሎ ተማሪ፦
በፓንግሎስ እስማማለሁ ጋሼ። በአትክልቱ ግን አልስማማም። ደቡብ አሜሪካ፣ ሱሪናም ላይ እጅና እግሩ የተቆረጠው ባሪያ «አውሮፓ ውስጥ ስኳር የምትበሉት በዚህ ዋጋ ነው» ይላቸዋል። ካንዲድ አለቀሰ፣ መንገዱን ቀጠለ። መጨረሻ ላይ የሚያደንቀው ቱርካዊ ሽማግሌ ደግሞ ቁስጥንጥንያ ውስጥ ማን ታንቆ እንደተገደለ ለማወቅ እንኳ አይፈልግም። ፍሬውን ግን እዚያው ከተማ ልኮ ይሸጣል። ይህ ለእኔ መሸሽ ነው።

መጽሐፍ ሻጩ፣ ለገሃር፦
ጎበዝ፣ የሽማግሌው ነገር እኔንም አይዋጥልኝም። የባሪያውን ነገር ግን እንዲህ እየው፤ ካንዲድ የፓንግሎስን ትምህርት በቃኝ ያለው እዚያ ነው። አትክልቱ ጋ ሲደርሱም ማን ምን እንደሚሠራ ተመልከት። ካንዲድ የሚወዳት ኩኔጎንድ ትጋግራለች፣ የቀድሞዋ ገረድ ፓኬት ጥልፍ ትጠልፋለች፣ አሮጊቷ ልብስ ታጥባለች፣ መነኩሴው አናጢ ሆኗል። እስከዚያ ድረስ ሲሸጡ፣ ሲገረፉ፣ ሲዘረፉ የኖሩ ሰዎች ናቸው። ማንም የማያዝዛቸው፣ አብረው የሚበሉበት ሥራ አገኙ። ለእኔ ይህ ሽሽት አይደለም፤ ከመከራው በኋላ አብሮ መኖር የሚቻልበት መንገድ ነው።

እህቴ፣ ከወደድሽው «ራሴላስ»ንም አንብቢ፤ የሳሙኤል ጆንሰን ነው፣ በዚያው በ1759 የወጣ። ልዑሉ የሐበሻ ልጅ ነው። ሁሉ ከሞላበት ሸለቆ ወጥቶ እንዴት መኖር እንደሚሻል ይጠይቃል። እሱ እንደ ቮልቴር አይነክስም፣ ያዝናል። ለእናትሽም ብታነቢላት የምትወደው ይመስለኛል።