1 ቴራ ሃርድ ዲስክ ለምን 931 ጊጋ ያሳያል?

ሰርግ ቀራጭ
ሰላም ለሁላችሁ። ስድስት ኪሎ አካባቢ ትንሽ ቪዲዮ ቤት አለችን። ሰርግ እንቀርጻለን፣ ኤዲት አድርገን ደንበኛው ባመጣው ሃርድ ዲስክ ላይ ጭነን እናስረክባለን። ሰሞኑን አንድ ሙሽራ ያመጣልንን 1 ቴራ ዲስክ ቤቱ ወስዶ ሲሰካው 931 ጊጋ አየና «ቀየራችሁብኝ እንዴ?» ብሎ ተመልሶ መጣ። ሌላ አዲስ 1 ቴራ ከፍቼ አሳየሁት፣ እሱም ያው 931 ነው፣ ግን ምክንያቱን ማስረዳት አቃተኝ። ይባስ ብሎ ያንኑ ዲስክ ማክ ላይ ስሰካው 1 ቴራ ይላል። ሰውየው እንደተሰረቀ እያሰበ እንዲቀር አልፈልግም።

ሌላም አለኝ። ካሜራችን የሚቀርጸው በሴኮንድ 50 ሜጋ ቢት ነው። 64 ጊጋ ሚሞሪ ስንት ሰዓት ይይዝልኛል? የተክሊል ሥርዓት እየተፈጸመ ሚሞሪ ለመቀየር መሯሯጥ በጭራሽ አይሆንም።

ኔትወርክ አራት ኪሎ
ወንድሜ፣ ዲስኩም ደህና ነው፣ ከእሱም የተወሰደ ነገር የለም። የዲስክ ፋብሪካዎች የሚቆጥሩት በ1000 ነው። ኪሎ ሺህ፣ ሜጋ ሚሊዮን፣ ጊጋ ቢሊዮን፣ ቴራ ትሪሊዮን። 1 ቴራ ብለው ሲሸጡ 1,000,000,000,000 ባይት ሰጥተዋል ማለት ነው። ዊንዶውስ ግን በ1024 ያካፍላል። ያንን ትሪሊዮን ለ1024 ሦስት ጊዜ ስታካፍለው 931.3 ይመጣልሃል። ማክ እ.ኤ.አ. ከ2009 ወዲህ በ1000 ስለሚቆጥር ነው ሙሉ 1 ቴራ የሚያሳይህ።

እ.ኤ.አ. በ1998 ዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን ለ1024ቱ አቆጣጠር ኪቢ ባይት፣ ሜቢ ባይት፣ ጊቢ ባይት የሚሉ የራሱ ስሞች አውጥቶለታል። ዊንዶውስ በጊቢ ባይት አስልቶ ጊጋ ብሎ ይጽፈዋል፣ ንትርኩ ሁሉ የሚመጣው ከዚህ ነው። ልዩነቱም ወደ ላይ በወጣህ ቁጥር ይሰፋል፦ ኪሎ ላይ 2.4 በመቶ ብቻ ነው፣ ጊጋ ላይ 7 በመቶ ያልፋል፣ ቴራ ላይ ወደ 10 በመቶ ይደርሳል።

ለደንበኛህ ብዙ አታብራራለት። ዲስኩ ላይ ራይት ክሊክ አድርገህ ፕሮፐርቲስ ክፈትለት። ከ931 ጊጋው ጎን ሙሉው የባይት ቁጥር ተጽፏል። ራሱ ያንብበው።

ኤዲተር ሜክሲኮ
ሁለተኛውን እኔ ልመልስ። ካሜራና ኢንተርኔት ፍጥነታቸው የሚነገረው በቢት ነው፣ ፋይልና ሚሞሪ ደግሞ በባይት፣ 1 ባይት 8 ቢት ነው። ስለዚህ 50 ለ8 ሲካፈል 6.25 ሜጋ ባይት በሴኮንድ። በ3600 ሴኮንድ አባዛው፣ 22,500 ሜጋ ባይት፣ ማለትም በሰዓት 22.5 ጊጋ። 64 ለ22.5 ሲካፈል 2 ሰዓት ከ50 ደቂቃ አካባቢ ነው። ድምፁም ትንሽ ቦታ ስለሚወስድ ሁለት ሰዓት ተኩል ብለህ ያዘው። ከዚያ በላይ ከቆየ ባለ 128 ይዘህ ግባ፣ በሚሞሪ መቆጠብ ለሰርግ አይሆንም።

ደግሞ ይቺን እወቃት። ደንበኛ የሚያመጣው ፍላሽ ፎርማቱ (ፋይል የሚያደራጅበት ስልት) ፋት32 (FAT32) ከሆነ ከ4 ጊጋ የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልም፣ ባዶ ቢሆንም እንኳ። ብዙ ሰው ፍላሹ ተበላሽቷል ብሎ ይጥለዋል። ውስጡ ያለውን ሌላ ቦታ ኮፒ አድርገህ በኤክስፋት (exFAT) ፎርማት አድርገው፣ ያልቃል።

የስታዲየም ጥገና
በኢንተርኔት ለመላክም ሒሳቡ ያው ነው። መስመርህ 10 ሜጋ ከተባለ 10 ሜጋ ቢት ነው፣ በሴኮንድ 1.25 ሜጋ ባይት። የአንድ ሰዓት ቀረጻህን 22.5 ጊጋ እንዳለ ልላክ ካልክ፣ መስመሩ ሳይቆራረጥ ሙሉ ፍጥነቱን ቢሰጥህ እንኳ 5 ሰዓት ይፈጃል። ያውም የመላኪያው ፍጥነት ከማውረጃው ያነሰ ካልሆነ ነው። ውጭ አገር ላለ ዘመድ ከሆነ አሳንሰህ ኤክስፖርት አድርገህ ላክ።

ግን ሁሉም ጉድለት የ1024 ጉዳይ ነው እንዳትሉ። መንገድ ላይ በርካሽ የሚሸጡ «2 ቴራ» ፍላሾች አሉ፣ ኮምፒውተሩ ላይ ከተባለው ጋር የሚስማማ ቁጥር ያሳያሉ፣ ውስጣቸው ግን ጥቂት ጊጋ ብቻ ነው። ቪዲዮውን የጫነ ይመስላል፣ በኋላ ሲከፈት የለም። የሰው ሰርግ እንዲህ ሲጠፋ በጣም ያሳዝናል፣ ዳግም አይቀረጽም። አዲስ ፍላሽ ስትገዛ በኤችቱቴስትደብሊው (H2testw) ፈትሸው፣ ነጻ ፕሮግራም ነው፣ ሞልቶት መልሶ ያነበዋል። ጊዜ ይወስዳል ግን ይገባዋል።

ሰርግ ቀራጭ
በጣም አመሰግናለሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ከአሁን በኋላ ደረሰኙ ላይ የባይቱን ቁጥር ልጻፍ? ደግሞ በ1024 የሚቆጥር ከሆነ 8 ጊጋ ራም ዊንዶውስ ላይ ለምን ወደ 7.45 አይወርድም?

ኔትወርክ አራት ኪሎ
ባይቱን ተወው፣ ሰው ያደናግራል። «1 ቴራ፣ ዊንዶውስ ላይ 931 ጊጋ ይታያል» ብለህ ጻፍ። ለሌሎቹም፦ 64ቱ 59.6፣ 128ቱ 119.2፣ 500ው 465.7፣ 2 ቴራው 1.82 ቴራ።

ራም ላይ ሻጩም ዊንዶውስም በ1024 ነው የሚቆጥሩት፣ ቺፑ ራሱ የሚሠራው በሁለት እጥፍ እያደገ ስለሆነ። ስለዚህ 8 ሲሉህ 8 ነው።