በአትላንታ ቀይ አፈር ላይ የባለ ሪሞት መኪና መሮጫ በጓሮ ስለ መሥራት

ባለጓሮው (አትላንታ) ጠየቀ፦

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ከአትላንታ በስተምሥራቅ፣ ስቶን ማውንቴን አካባቢ ነው። ከቤታችን ጀርባ፣ በአጥሩ ርዝመት 18 ሜትር፣ ከቤቱ እስከ አጥሩ ደግሞ 12 ሜትር የሚሆን ሣር የለበሰ ቦታ አለ፤ በዚያ ላይ ከሁለቱ ልጆቼ ጋር ባለ 1/10 ልኬት (የእውነተኛውን መኪና አንድ አሥረኛ የሚያህሉ) ቡጊ የሚባሉ የኤሌክትሪክ ባለ ሪሞት መኪናዎች የምንነዳበት የአፈር መሮጫ ለመሥራት አስበናል። እስካሁን የምንነዳው በመኪና ማቆሚያ አስፋልት ላይ ነው፤ ጎማው ቶሎ ያልቃል፣ ልጆቹም የሚመኙት ዝላዩን ነው።

ቦታው ከቤቱ ወደ አጥሩ ያዘቀዝቃል። ከአጥሩ ማዶ ያለው የጎረቤት ግቢ ከእኛ ዝቅ ያለ በመሆኑ ኃይለኛ ዝናብ ሲጥል ውሃው በእኛ በኩል አልፎ ወደ እነርሱ ይወርዳል። በአንድ ወገን ባለቤቴ ጎመንና ቃሪያ የምታለማበት መደብ አለ፤ እርሱን መንካት አይታሰብም። አንድ የማውቀው ሰው ሸክላ አፈር በገልባጭ መኪና አስመጥቼ በሣሩ ላይ እንዳፈስ፣ ሌላው ደግሞ እንዳይቦረቦር ሲሚንቶ እንድቀላቅልበት መክረውኛል። ሁለቱም ምክሮች ከወጪያቸው ባሻገር አላሳመኑኝም። አፈሩን በተመለከተ፣ ስለ መስመሮቹ አከፋፈል፣ እንዲሁም አቧራና ዝናብን ስለ መከላከል የምታውቁ ብታስረዱኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

ገረጋንቲ (አዲስ አበባ) መለሰች፦

ሰላም ለእርስዎና ለቤተሰብዎ ይሁን። ሙያዬ የመንገድ ሥራ ነው። እውነተኛ መኪና የሚሄድበትና የእርስዎ ቡጊ የሚሮጥበት አፈር የሚሸከሙት ክብደት ይለያያል እንጂ ሁለቱንም የሚያፈርሳቸው ውሃ ነው፤ ስለዚህ ስለ ዝላዩ ከመነጋገራችን በፊት ውሃው በየት በኩል እንደሚሄድ መወሰን ይኖርብዎታል።

በመጀመሪያ ግን የሚገዛ አፈር አያስፈልግዎትም። አካባቢዎ በአፓላችያን ተራሮች ግርጌ የተዘረጋው ፒድሞንት የሚባለው ምድር ነው፤ ሣሩንና ከሥሩ ያለውን ጥቁር አፈር ሲገፉ የሚያገኙት ቀይ ሸክላ ሌሎች በገንዘብ የሚያስመጡት ዓይነት ነው። ቅላቱን የሰጠው የብረት ኦክሳይድ ሲሆን፣ በውስጡ የሚበዛው ማዕድን ካኦሊናይት ነው፤ ይህ ማዕድን ውሃ ሲጠጣ እምብዛም አያብጥም፣ ሲደርቅም ብዙ አይሰነጠቅም። እኛ ዘንድ በቦሌና በአቃቂ በኩል ያለው ጥቁር አፈር ግን በክረምት አብጦ በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ስለሚያወጣ፣ ቤትም ሆነ መንገድ ሲሠራበት ተቆርጦ ይወጣና በገረጋንቲ ይተካል። እርስዎ ከዚህ ጣጣ ነፃ ነዎት። በዚያ ላይ ቦታውን በሙሉ 10 ሳንቲ ሜትር ብቻ ለመሙላት 22 ሜትር ኩብ ያህል የታመቀ አፈር ያስፈልጋል፤ አፈር ሲታመቅ ስለሚቀንስ የሚጫነው ከዚህ ይበልጣል። በሣር ላይ የፈሰሰ አፈር ደግሞ ሣሩና ሥሩ ሲበሰብሱ እዚህም እዚያም መስመጡ አይቀርም። ሣሩን ከነሥሩ ግፈፉት፤ የተገፈፈውን ጥቁር አፈር ለባለቤትዎ መደብ ይስጡ።

የሸክላውን መጠን ለማወቅ አፉ ሰፊ የሆነ የብርጭቆ ዕቃ ይውሰዱና አንድ ሦስተኛውን አፈር፣ የቀረውን ውሃ ሞልተው፣ ጥቂት የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ጠብ አድርገው አጥብቀው ይናጡት። አሸዋው በአንድ ደቂቃ ገደማ ይዘቅጣል፤ ደለሉ ሰዓታት ይፈልጋል፤ ሸክላው አንድ ቀን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ውሃውን እንዳደፈረሰ ይቆያል። ሁሉም ከረጋ በኋላ የየድርብርቡን ውፍረት በማስመሪያ መለካት ነው። ሸክላው ከግማሽ በላይ ሆኖ ከተገኘ፣ ሲረጥብ የሚያዳልጥና በጎማ ላይ የሚለጠፍ ስለሚሆን ሻካራ አሸዋ ይቀላቅሉበት። አትክልተኞች አሸዋና ሸክላ ተቀላቅሎ እንደ ጡብ ይደርቃል ብለው ይፈሩታል፤ እዚህ የምንፈልገው ግን ያንኑ ነው።

የቦታውን ተዳፋት አያጥፉት፤ ያስተካክሉት። ለአንድ ሜትር 2 ሳንቲ ሜትር ዝቅታ ውሃውን ለማስኬድ በቂ ነው፤ ከዚህ በጣም ከበለጠ ውሃው አፈሩን ይዞ ይወርዳል፣ ከዚህ በጣም ካነሰ ደግሞ ይቋጥራል። ከቤቱ ጣሪያና ግቢ የሚመጣው ውሃ ጭራሽ ወደ መሮጫው እንዳይገባ በላይኛው ጠርዝ አንድ ሜትር ስፋት ያለው ጠለል ያለ ቦይ አውጥተው ወደ ጎን ይቀይሱት። በአጥሩ በኩል ያለውን የመጨረሻ ሁለት ሜትር ሣር ደግሞ አይንኩት። የተገፈፈ መሬት ከሣር ይልቅ ብዙ ውሃ ስለሚያፈስስ፣ ያ ሣር ካልተተወ ቀዩ ጭቃ ጎረቤትዎ በረንዳ ላይ ነው የሚያርፈው፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ክርክር ከአፈሩ ሥራ ይከብዳል።

አፈሩን በአንድ ጊዜ ከምረው ለመደምደም አይሞክሩ። 10 ሳንቲ ሜትር ያህል እያነጠፉ እያንዳንዱን ድርብርብ ለየብቻው ያጥብቁት። እርጥበቱን በእጅዎ ይለኩ፤ አንድ እፍኝ ጨብጠው ሲለቁት እንክብል ሆኖ ከቀረ፣ ከወገብ ከፍታ ሲጥሉትም በሁለት በሦስት ከተከፈለ ልክ ነው። ከተበተነ ውሃ ይጨምሩ፣ በእጅዎ ላይ ከተለጠፈ ይድረቅ። ሲሚንቶውን ይተዉት፤ የሲሚንቶ ቅርፊት በአንድ ቦታ ከተላጠ በውሃና በአካፋ ሊጠገን አይችልም።

ባለቡጊ (ዲኬተር) መለሰ፦

መሐንዲሷ በጻፉት ላይ የምጨምረው አለ። ከሁሉም አስቀድሞ አንድ ስልክ ይደውሉ። በአሜሪካ ሰው በገዛ ጓሮውም ቢሆን ከመቆፈሩ ጥቂት የሥራ ቀናት አስቀድሞ ለ811 ማሳወቅ ይኖርበታል፤ አገልግሎቱ በነፃ ነው። የጋዙን መስመር በቢጫ፣ የመብራቱን በቀይ፣ የውሃውን በሰማያዊ፣ የስልኩንና የኢንተርኔቱን በብርቱካናማ፣ የፍሳሹን በአረንጓዴ ምልክት ያሳዩዎታል። ከቆጣሪው ወዲህ የተዘረጋውን፣ ለምሳሌ ወደ ጓሮ ዕቃ ቤት የተሳበ ገመድ ካለ፣ አብዛኛውን ጊዜ አያመለክቱም፤ እርሱን ማጣራት የባለቤቱ ፋንታ ነው። ሰፈርዎ የቤት ባለቤቶች ማኅበር ካለው ደንቡንም ያንብቡ።

ስለ መስመሮቹ፦ ከ12 ሜትሩ ላይ ቦዩና የሣሩ ንጣፍ 3 ሜትር ሲወስዱ 9 ሜትር ይቀራል፤ ይህ ለአራት መስመር ከ2 ሜትር ትንሽ በላይ ይደርሳል። የ1/10 ቡጊ ስፋት 25 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ ሁለት መኪና ጎን ለጎን ሊሽቀዳደምበት ይችላል። ብዙ ሰው ረጅም ቀጥታ መስመር ይመኛል፤ ነገር ግን በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ መኪና በአንድ ሰከንድ 14 ሜትር ያህል ስለሚሄድ የእርስዎ 18 ሜትር ገና ሳይጀመር ያልቃል። አንዱን መስመር ብቻ ቀጥታ አድርገው የቀሩትን በኩርባ ቢሞሏቸው፣ ኩርባዎቹንም አንዱን ጠባብ አንዱን ሰፊ ቢያደርጓቸው ልጆቹ ቶሎ አይሰለቹም።

ለድንበሩ እኔ የምመርጠው 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለውን ጥቁር፣ እንደ አኮርዲዮን የተሸበሸበ የፕላስቲክ ፍሳሽ ቱቦ ነው። ይታጠፋል፣ መኪናውን አይሰብርም፣ ዋጋውም አይከብድም። ሳንቃ ግን መኪናውን ይገለብጣል፤ ጠርዙም የፊት እግሩን ይቆርጣል። ቱቦውን ግማሽ ያህል ቀብረው በፌሮ ቸንክሩት፤ የፌሮው ጫፍ ከቱቦው በላይ ብቅ ብሎ እንዳይቀር ይጠንቀቁ፣ ልጅ ይወድቅበታል። ደግሞም ቱቦ ግድብ መሆኑን አይርሱ፤ በዝቅተኛው ወገን በየሁለትና በየሦስት ሜትሩ አንድ መዳፍ የሚያህል ክፍተት ካልተዉለት ከዝናብ በኋላ እያንዳንዱ መስመር ኩሬ ይሆናል።

ዝላዩን በአንድ ጉብታ ይጀምሩ፤ እርሱም ከላይ ጠፍጣፋ ይሁን። በሁለት ጉብታዎች መካከል ባዶ ከሆነ ያልደረሰው መኪና ሁሉ በአፍንጫው ተወርውሮ ሁለተኛውን ጉብታ ይንደዋል፤ ጠፍጣፋው ግን ለጀማሪም ይራራል፣ ለጥገናም ይቀላል። ቁመቱ 30 ሳንቲ ሜትር፣ መነሻው ከ20 እስከ 25 ዲግሪ፣ ማረፊያው ከመነሻው ረዘም ያለ ይሁን። ውስጡን በድንጋይ ወይም በጡብ አይሙሉት፣ አፈሩ ሲታጠብ ወጥቶ ሻንሲውን ይሰነጥቃል። የዝላዩ አቅጣጫ ወደ ጎረቤት አጥርም ሆነ ወደ ነጂዎቹ መሆን የለበትም፤ አንድ ኪሎ ተኩል የሚመዝን ነገር በዚያ ፍጥነት የሰው ቁርጭምጭሚት ቢመታ ቀላል አይደለም። የነጂዎቹን መቆሚያ ከተቻለ በደቡብ ወገን ያድርጉት፤ በጆርጂያ ፀሐይ አብዛኛውን ቀን በደቡብ በኩል ስለምትሆን ከጀርባችሁ ትውላለች እንጂ ዓይናችሁን አትወጋም።

የኮሎራዶው (አውሮራ) መለሰ፦

አቧራውን በተመለከተ እኛ የምንጠቀምበት ካልሲየም ክሎራይድ ነው። ከአየር እርጥበት እየሳበ አፈሩን ሳያደርቅ ያቆያል፤ ለጠጠር መንገድም የሚረጨው እርሱ ነው። እዚህ በዓመት የሚጥለው ዝናብ 400 ሚሊ ሜትር ስለማይሞላ ያለ እርሱ ጠዋት ያጠጣነው ቀትር ላይ ዱቄት ይሆናል። ጉዳቱ ጨው መሆኑ ነው፤ ቡጊው ሳይጠረግ ካደረ ብሎኑና ኩሽኔታው ይዝጋል።

ገረጋንቲ (አዲስ አበባ) መለሰች፦

ለአውሮራ የሚበጀው ለስቶን ማውንቴን አይበጅም። ጨው ከውሃ ጋር ይወርዳል፤ ከመሮጫው ጎን የጎመን መደብ፣ ከበታቹም የሰው ግቢ አለ። በአትላንታ ደግሞ በዓመት 1200 ሚሊ ሜትር የሚያልፍ ዝናብ ይጥላል፤ የአዲስ አበባም መጠን ከዚህ ብዙ ባይርቅም፣ የእኛው በአብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ሲወርድ የእናንተ በዓመቱ ውስጥ ተከፋፍሎ ይመጣል። ስለዚህ የተረጨው ጨው ሳይቆይ ታጥቦ ይሄዳል፤ ለእርስዎ ንጹሕ ውሃ ይበቃዎታል።

አውድማ (ሲልቨር ስፕሪንግ) መለሰ፦

ስለ ባለ ሪሞት መኪና ከልጅ ልጆቼ የሰማሁትን ያህል ብቻ ነው የማውቀው፤ አፈር ማጥበቅን ግን ጎጃም አይቼ አድጌያለሁ። ጤፍ የሚወቃበት አውድማ ሲዘጋጅ መሬቱ ተፍቆ ይጸዳል፣ ውሃ ይርከፈከፍበታል፣ ከብት እየዞረ ይረግጠዋል፣ በመጨረሻም አፈርና ጠጠር ከእህሉ ጋር እንዳይቀላቀል በእበት ይለቀለቃል። እበቱን ለአትላንታ አልመክርም፤ የአውድማ ሥራ የበጋ ሥራ ነው፣ ዝናብ ቢነካው ልቅልቁ ይነሣል፣ ጎረቤትም ለሽታው አይታገሥም። ሊወሰድ የሚገባው ቅደም ተከተሉ ነው። ውሃው በአንድ ጊዜ አይደፋም፤ ይርከፈከፋል፣ ይጠብቃሉ፣ መሬቱ ሲጠጣው እንደገና ይርከፈከፋል። ከዚያም ላዩ ማብረቁን ትቶ ጭቃው በእግር ላይ መያዝ ሲያቆም ይረገጣል። ከዚህ ቀድሞ የተረገጠ ይቦካል፤ ዘግይቶ የተረገጠ ደግሞ ላዩ ብቻ ይላጋል። ልጆችዎ ከብቱን ተክተው በባዶ እግራቸው ቢረግጡት ይደሰቱበታል።

ባለጓሮው (አትላንታ) ጠየቀ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ ጋሼ አውድማ፣ የልጆቹን እግር ሥራ አግኝተውለታል። የቀረኝ አንድ ጥያቄ ነው። መሮጫው ከተሠራ በኋላ በየሳምንቱ ምን ይደረግለታል? በክረምት ሌሊቱ ሲበርድ መሬቱ እንደሚያብጥ ሰምቻለሁ፤ በሸራ መሸፈን ይሻል ይሆን?

ባለቡጊ (ዲኬተር) መለሰ፦

ሊነዱ ባሰቡበት ቀን ዋዜማ፣ ማምሻውን፣ የውሃውን ጎማ ጫፍ ጭጋግ እንዲያወጣ አድርገው በቀስታ ያርከፍክፉለት፤ ሌሊቱን ወደ ውስጥ ይሰርጋል። ጠዋት አውራ ጣትዎን ተጭነው ይሞክሩት፤ የጥፍርዎ ምልክት ከታተመ፣ ጭቃ ግን ካልተከተለው ለመንዳት ደርሷል። በመካከል መልኩ እየነጣ ሲመጣ ብቻ ጥቂት ይርጩ። ነድተው ሲጨርሱ ከመስመሩ ወደ ድንበሩ የተገፋውን ልቅ አፈር ጠርገው ሰብስቡት፤ ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ቢያስቀምጡት ለጥገና የሚሆነው እርሱ ነው፣ ከሌላ ቦታ የመጣ አፈር ከነባሩ ጋር እኩል አይደርቅም።

በበረዷማ ሌሊት የሰሙት ማበጥ እውነት ነው። በእኛ ቀይ አፈር ውስጥ ያለው ውሃ ወደ ላይ እየተሳበ እንደ መርፌ የቀጠነ በረዶ ይሠራና ላዩን ከነጠጠሩ ያነሣዋል፤ ጠዋት ሲረግጡት ከሥርዎ ይንኮሻኮሻል። ቀትር ላይ ሲቀልጥ የላይኛው ሁለት ጣት አፈር ገንፎ ስለሚሆን በዚያ ሰዓት መንዳት አይገባም፤ ጠፈፍ ሲል በውሃ የሚሞላውን የሣር መዳመጫ ሮለር ቢያስኬዱበት ይመለሳል። ሸራውን ኃይለኛ ዝናብ ሲጠበቅ ብቻ አልብሱት፣ ዝናቡ እንዳበቃም አንሱት፤ ለሳምንታት ከተተወ ሥሩ ይሻግታል። ሸራው ላይ የተቋጠረው ውሃ ወደ ቦዩ እንዲፈስ አንዱን ጠርዝ ከፍ አድርጉት እንጂ በመሮጫው ላይ አትድፉት።

ጉድጓድ የሚወጣው ሁልጊዜ በዝላዩ መነሻ ሥርና ፍሬን በሚያዝበት በኩርባው መግቢያ ነው። በላዩ አፈር ቢደፉበት በመጀመሪያው ዙር ይበተናል። ይልቁንስ ጠርዙን በአካፋ ቀጥ አድርገው ይቁረጡት፣ ውስጡን በጥቂቱ ቧጭረው ያርጥቡት፣ ከከረጢቱ የወሰዱትን አፈር እንክብል በሚያሳየው እርጥበት እያደረጉ በሁለት ድርብርብ ይደልድሉት። የላዩን ከዙሪያው ትንሽ ከፍ አድርገው ይተዉት፣ ሲደርቅ ይወርዳል። እስከሚቀጥለው ቀን ድረስም በዚያ በኩል መኪና አይለፍበት።